ማሽኑ ያረመው ዛፍ

በኢሉቴራ ደሴት የባሕሩን ዳር የወረረው የሸውሸዌ ዛፍ ሊቆረጥ ተወስኖ ድሮን ከላይ ፎቶ አነሳ። ፎቶውን አይቶ ዛፉን እንዲለይ የኮምፒውተር ማሽኑን ያስተማሩት እማማ ዩሊን ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎቶው ላይ «ይሄ ሸውሸዌ፣ ይሄ የባሕር ወይን» እያሉ ምልክት አደረጉ፤ የባሕር ወይን የአገሩ ዛፍ ስለሆነ አይቆረጥም። አንዴ ብቻ ዋሹ፤ የባላቸው መቃብር ላይ ጥላ የሚጥለውን ሸውሸዌ የባሕር ወይን አሉት።

የካርታው ባለሙያ ዴንዚል እየሳቀ መጣ።

«እማማ፣ ማሽኑ እርስዎንም አረመዎት! አንዱን ተሳስተው ነበር።»

«የቱን?»

«መቃብሩ ጋ ያለውን። ሌላውን ሁሉ በደንብ ስላስተማሩት እኮ ነው የነቃብዎት።»

«ተማሪዬ ጎበዝ ነው» አሉ እማማ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

ሐሙስ ዛፉ ተቆረጠ። እማማ ዩሊን በጠራራው ፀሐይ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ዴንዚል በሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ፊታቸውን ከለሉ።