የሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ

ኦይታ አረቄ በተወ በሦስተኛው ቀን እጁ ውሃ መያዝ አቃተው። ብርጭቆው ጥርሱን እየመታ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እህቱ ፀዳለ ግን ደስ አላት። እሑድ ዕለት ጌታን ተቀብሎ፣ በጉባኤው ፊት «ከእንግዲህ ጠብታ አልቀምስም» ሲል እልል ተብሎለታል። ይሄ መንቀጥቀጥ የሃያ ዓመቱ የመጠጥ መንፈስ ሲለቀው ነው ብላ አመነች። ምን ታድርግ፣ የሴቶች ኅብረት መሪ ናት፤ ስንቱ ተንቀጥቅጦ ሲነሳ አይታለች።

«እማ፣ አጎቴን ሐኪም ቤት እንውሰደው» አለ ልጇ ባርኮት በሩ ላይ ቆሞ።

ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ባርኮት የጤና ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የጫት ቅጠል አገኘች፤ ከዚያ ወዲህ ልጇ በቁሙ ሞቶባታል። አንዴ የቀመሰ አይመለስም እያለች ለስንት ወጣት ስታስተምር ኖራ፣ ጉዱ ከራሷ ቤት ወጣ። የጸሎት ርእስ ለምትመዘግበው ለበለጥሽ የልጇን ስም ሰጥታለች። በመጪው እሑድ ወንድሟ ይመሰክራል፣ ልጇ ይጸለይለታል።

«አረቄ የለመደ ሰውነት በአንዴ ሲከለከል ሊሞት ይችላል፣ እማ።»

«መጠጣቱ ሳይሆን መተዉ ነው የሚገድለው? የሱሰኛ ምክር አልሰማም!»

ባርኮት ግን ከበሩ አልሄደም።

ከሰዓት በኋላ ኦይታ ብርድ ልብሱ ላይ ክር መልቀም ጀመረ። አገሩ ገረሴ ሳለ ሸማኔ ነበር። የተበጠሰውን እንደሚቀጥል ሁሉ ጣቶቹን ያገናኛል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል። ክር ግን የለም። ፀዳለ ግንባሩን ስትነካው ያቃጥላል። ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እህቴን ጥሪልኝ» አላት።

ፀዳለ ወደ በሩ ዞረች። «ባርኮት! ባጃጅ ጥራ!»

መንገድ ላይ ሰውነቱ ተገታትሮ ይንፈራገጥ ጀመር። ባርኮት በጎኑ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ደግፎ ያዘው። ፀዳለ ጸሎት እንኳ ጠፋት።

«መጠጥ ካቆመ ስንት ቀኑ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ሦስት» አለች ፀዳለ። በኩራት ልትናገረው ያሰበችው ቃል ነበር።

«ማቆሙ መልካም ነው። ግን በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ሐኪም እየተከታተለው ነው የሚያቆመው። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አናተርፈውም ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀዳለ «ጫቱን ስንት ጊዜ ቃምክ?» አለችው።

«አንዴ። ለፈተና ላጠና ብዬ። መረረኝ፤ የተረፈውን ኪሴ ውስጥ ረሳሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ፣ እማ?»

እጁን ያዘችው፤ እሱም አልነጠቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት ኦይታ ነቃ፤ አወቃት። የተገጠመለትን ጉሉኮስ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ፀዳለ… መልሼ ጠጣሁ እንዴ? አዋረድኩሽ?»

«አልጠጣህም ወንድሜ። አንድም አልጠጣህም» አለችውና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ወጣችና ለበለጥሽ ደወለች። «ከነገው የጸሎት ርእስ የባርኮትን ስም አውጪልኝ።»

«እሰይ! ነፃ ወጣ?»

«አልታሰረም ነበር» አለች ፀዳለ። «በሱ ፈንታ የኔን ጻፊው።»