የማታር መንገድ ሳይዘጋ

ዱዎት በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ይውላል። የሰውን ሁሉ ጓዝ ወደ አገሩ ይሸኛል፤ እሱ ግን ማታር ያሉትን አባቱን ካየ ዓመታት አልፈዋል። ሥራ ነው ይላል። ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል?

አባቱን ሽማግሌውን ጋትኬክን አቅም ከድቷቸዋል፤ ክረምቱን መዝለቃቸውም እንጃ። በየመንገደኛው የሚልኩት መልእክት ግን አንድ ነው፤ ልጅህን አምጣትና የአያቶቿን ስም ልቁጠርላት። በኑዌር ዘንድ ዘሩን ወደ ላይ መቁጠር የማይችል ልጅ ነገ ዘመዱን አግብቶ ጉድ ያመጣልና ነገሩ ዋዛ አይደለም። የዱዎት ልጅ ኛዌች ደግሞ ሁለት ስም ጠርታ ሦስተኛው ላይ ዝም ነው።

ታዲያ ብልጡ ዱዎት ምን አደረገ? የአባቱ ታናሽ ወንድም ኩዌት ዓሣ እየነገደ ከማታር ጋምቤላ ይመላለሳል። ለእሱ ስልኩን ሰጠና አባባ ስሞቹን ሲቆጥሩ ቅዳልኝ አለው። ስልኩ ሲመለስ ኛዌችን አጠገቡ አስቀምጦ ከፈተው። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ የሽማግሌው ድምፅ።

«ስልክ የልጅ ልጄ አይደለም።»

አለቀ። ሚስቱ ኛኪየር ልትስቅ ጀምራ ፊቱን ስታይ ተወችው። ዱዎት አፈረ፤ ቀጥሎም እልህ ያዘው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከገባ የማታር መንገድ ይዘጋል፤ እስኪከፈት ድረስ አባቱን ማን ያቆይለታል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲባልበት አልፈለገም።

በማግሥቱ አለቃው ጋሽ ይግዛው ዘንድ ቀርቦ ፈቃድ ጠየቀ። ጋሽ ይግዛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሠራተኛ ጎድሏል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ወሩ ይለቅና ትሄዳለህ አሉት። ዱዎት ወይ ፍንክች። ቢለምኑትም ቢቆጡትም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ አባቴን ልቀብር ነው ብል ዛሬውኑ ይፈቅዱልኛል። እኔ በሕይወት እያሉ ነው ማየት የምፈልገው።»

ጋሽ ይግዛው ጥቂት ቀን ፈቀዱለት።

ዱዎትና ኛዌች ማታር እንደ ደረሱ ሽማግሌው ኛዌችን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው መቁጠር ያዙ፤ እሷም እየተከተለች ትደግማለች። መሃል ላይ አንድ ስም ጠፋባቸው። ከጎናቸው የተቀመጠው ኩዌት ስሙን ጣል አደረገላቸው፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ቆጠረ።

ዱዎት ነገሩ አልገባውም። ኩዌት ሁሉንም ካወቀ፣ ጋምቤላ በመጣ ቁጥር ቤታችን እየበላ ለምን አልቆጠረላትም ብሎ አባቱን ጠየቀ።

«ስሙንማ ማንም ይነግራታል» አሉ ሽማግሌው። «አንተን በምን ላስመጣህ?»

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ወደ ጋምቤላ የሚመልሳቸው ሹፌር መንገዱ ገና ያሳልፋል፣ ከዛሬ በኋላ ግን እንጃ እያለ ጡሩምባውን ነፋ። ዱዎት ሻንጣውን ከመኪናው ላይ አወረደና ለጋሽ ይግዛው ደወለ።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ መንገዱ አልተዘጋም። ግን አልመጣም። አባቴ ጋ ነኝ።»