ዓሣ የገባበት ሾርባ

«ፉሚዮ፣ ይሄ የምን ሽታ ነው?»

ሳናኤ፣ የፉሚዮ ባል ታላቅ እህት፣ የድስቱን ክዳን ይዛ ቆማለች። ፉሚዮ ድስቱን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደረቅ ሰርዲን! አማቷ እማማ ሺጌ ከሞቱ ገና ሰባተኛ ቀናቸው ነው። እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ሐዘንተኛ ዓሣ አይቀምስም፤ የዛሬው ሾርባ በባሕር ቅጠልና በእንጉዳይ ብቻ ነበር መሠራት ያለበት።

«እጄ ነው እትዬ ሳናኤ። ልምድ ሆኖብኝ...»

«ምን ዓይነት እጅ ነው! መነኩሴው ደርሰዋል እኮ። ድፊው! የእማዬን ሳህን ደግሞ እኔ ነኝ የማቀርበው። ምን ቢቆይ ባዳ ባዳ ነው።»

ሳሎን የተቀመጡት ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ፉሚዮ ድስቱን ደፋች። እንግዳ መቀበሉንም፣ ዕጣን ማጨሱንም ሌላው ይውሰደው፤ እሷ የፈለገችው ከሟቿ ፎቶ ፊት የሚቀመጠውን ያንን የሾርባ ሳህን በገዛ እጇ ማቅረብ ብቻ ነበር።

ሙሽራ ሆና በመጣችበት ክረምት ለሾርባ የሚሆን የሰርዲን ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ አወጣጥ ያሳዩዋት እማማ ሺጌ ናቸው። አንዱ ካመለጣት ጣቷን በቾፕስቲክ ቸብ ያደርጉላታል። «ልጄን ሐሞት ልታጠጪብኝ ነው?» አፋቸው አይጣል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሾርባሽ ጣፈጠኝ ብለዋት አያውቁም። ካለፈው መኸር ወዲህ ግን ምግብ ሁሉ ሲዘጋቸው፣ ከእሷ እጅ በማንኪያ የሚቀበሉት ያንኑ የሰርዲን ሾርባ ብቻ ሆነ። ሳናኤ ከኦሳካ የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው።

ከጠዋት ከዘፈዘፈችው የባሕር ቅጠልና እንጉዳይ የተረፈውን ጣደች። ሲፈላ አወረደችና ሚሶውን፣ የተብላላውን የአኩሪ አተር ሊጥ፣ በጭልፋ ላይ እያሸች አሟሟችው። ሳናኤ ሳህኑን ይዛ ስትጠብቅ፣ የሟቿ ባል አባባ ዮሄይ ግድግዳ እየተደገፉ ገቡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሳናኤ፣ እናትሽ መጨረሻ ላይ ማንን ትጠራ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አባዬ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«‹ፉሚዮ፣ ራበኝ› ነበር የምትለው። እኔን እንኳ አልጠራችኝም። ሳህኑን ለእሷ ስጫት።»

ሳናኤ ቀና ብላ ሳታያት ሰጠቻት።

ሙታን የሚመገቡት እንፋሎቱን ስለሆነ ሾርባው እንደጋለ ነው የሚቀርብላቸው። ፉሚዮ ከፎቶው ፊት ተንበረከከች። ሳህኑን ከማስቀመጧ በፊት ግን፣ ሳታስበው ጎንበስ ብላ እፍ፣ እፍ አለችበት። እንፋሎቱ ተበተነ። ከኋላ አንዲት ጎረቤት «ውይ!» አለች። ያን ጊዜ ፉሚዮ ያደረገችው ገባትና ደርቃ ቀረች። አሁንም አበላሸሁ አለች በልቧ።

ሳናኤ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እንዲህ ነበር የምታጎርሻት?» አለች በሹክሹክታ።

ፉሚዮ በአንገቷ አዎን አለች።

ሳናኤ ሳህኑን አልወሰደችባትም። እሷም ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ እፍ አለችበት።