ገበያ የወጣ ልብ

«ያ የባሕር አረም ነው የበላው» አለች ሥጋ ሻጯ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሻይዋን እፍ እያለች። ለጎረቤቷ በሹክሹክታ መናገሯ ነው። የእሷ ሹክሹክታ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

ሐዘንተኛዋ ሽንኩርት ሻጭ ሰማች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ቃል አሥር ትመልስ ነበር፤ ዛሬ አንገቷን ደፋች። ሟቹን ታናሽ ወንድሟን እየገፋች ወደዚያ ሕክምና የወሰደችው እሷው ናት።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥሎት ሲነሣ፣ የልቡ አንዱ ጎን ሞቶ ቀረ። ሐኪሞቹ ደግሞ አዲስ ነገር እየሞከሩ ነበር፦ ከባሕር አረም የተሠራ ጄል የሚሉት ዝልግልግ ነገር በመርፌ የልብ ሥጋ ውስጥ ይገባና፣ የተጎዳው ቦታ እንዳይለጠጥ ደግፎ ይይዛል።

«እታለም፣ እኔ ግድግዳ ነኝ እንዴ በጀሶ የምደፈነው?» አላት ወንድሟ።

እሷ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። እጁን ይዛ ወሰደችው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ገበያው ሁሉ ሰማ። «የወንድሜ ልብ ተጠግኗል፤ ከእናንተ ከጤነኞቹ ይበልጣል» ትላለች ሚዛኗን እያንጓጓች። ገበያተኛውም «አረሙ» የሚል ስም አወጣለት። «አረሙ መጣ፤ እስቲ ያቺን ጆንያ አንሣት» ይሉታል። እሱ እህቱን አየት ያደርግና ሽንኩርቱን ትከሻው ላይ አውጥቶ መደቧ ድረስ ያደርስላታል። እሷ ታጨበጭባለች።

ወንድሟን ሆስፒታል ትከታተለው የነበረችው ነርስ ለቅሶ ልትደርስ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሽንኩርት ሻጯ ወደ ነርሷ ጆሮ ተጠጋች።

«መድኃኒታችሁ ነው የገደለው? አትደብቂኝ።»

«እትዬ፣ መድኃኒቱ አልደረሰውም» አለች ነርሷ። «ሙከራ ስለሆነ ለግማሹ ታማሚ ጄሉ ይወጋል፣ ለግማሹ የጨው ውሃ ብቻ። ልዩነቱ እንዲታወቅ ነው። ለማን የቱ እንደተሰጠ እኛም አናውቅም። የእሱ ሲሞት መዝገቡ ተከፍቶ ታየ፤ የተሰጠው የጨው ውሃ ነው።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ሊሆን እንደሚችል ነግረነዋል። ከባድ ነገር አታንሣ ብለነውም ነበር። ‹እህቴ ደስ ብሏታል፣ አታሳፍሯት› ይለን ነበር።»

ሽንኩርት ሻጯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንድ ቀን ከመደቡ ጀርባ ስትዞር፣ ወንድሟ ግንቡን በሁለት እጁ ተደግፎ ሲያለከልክ አግኝታዋለች። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። ደንበኞቿ ከኋላዋ እየመጡ ነው። ታዲያ ያኔ ምን አለችው? ውሃ ላምጣልህ አላለችም። ሸሚዙን ሳብ አድርጋ፣ «ቀጥ በል፤ ሰው ያይሃል» አለችው። እሱም ቀጥ አለ። ደንበኞቿንም ሳቀላቸው።

«ወሬው ሆስፒታል ድረስ ደርሷል» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ተራው የደረሰ አንድ አናጢ ‹አረሙን የገደለው እኔንም ይገድለኛል› ብሎ ቀረ። ጄሉ ያድነዋል ብዬ አልምልልሽም፤ ገና ነው። ግን ወንድምሽን ባልነካው ነገር ፈርቶ መቅረት የለበትም። የታማሚ ምስጢር ስለሆነ እኔ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም መናገር አልችልም።»

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ሆስፒታሉን ይረግማል፤ እሷን የረገመ የለም።

ሥጋ ሻጯ አሁን ሹክሹክታውን ተወችው። «ገድላችሁ ስታበቁ ደግሞ ልታጽናኑ መጣችሁ?» አለቻት ነርሷን።

ነርሷ ዓይኗን ሰበረች።

«ተያት» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «የባሕር አረም የሚባል ነገር ወንድሜ ልብ ውስጥ አልገባም። የገባው የጨው ውሃ ነው። ልቡ እንደታመመ ነበር። ጆንያ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ሲያለከልክ አይቼዋለሁ፤ አይቼም ቀጥ በል ብዬዋለሁ።»

ሥጋ ሻጯ የሻይ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች።

«ኧረ ተዪ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አለች አንዷ።

«ሐዘን አይደለም።»

ተነሣች። ለእሷ ተብሎ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ምቹ መቀመጫ ትታ፣ ዘግይተው የሚመጡት የሚቀመጡበት የበሩ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የከለከላት የለም።

ወዲያው ከወንድሟ ጋር ቀለም ይቀባ የነበረ አንድ ሽማግሌ ከውጭ ገባ። ዓይኑ የብርሃኑን ለውጥ ገና አልለመደም። ባዶውን መቀመጫ አየና፣ «እህትየው የት አለች? ላጽናናት ነበር» አለ።

ሁሉም ወደ በሩ አየ። እሷ ግን እኔ ነኝ ሳትል እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈችው።