የዓመቱ ነገረ ፈጅ

በዚያ ድርጅት ክፉ ዜና እግር እንጂ ብዕር አልነበረውም። ከማሽን ክፍልም ሆነ ከመጋዘን፣ ከሒሳብ ቤትም ሆነ ከጥበቃ በኩል አንዳች የሚያሰጋ ነገር ያየ ሰው ወረቀት አያነሣም፤ ደረጃውን ይወጣና በኮሪደሩ ጫፍ ዘወትር ገርበብ ብሎ ወደሚጠብቀው በር ሄዶ ያየውን በአፉ ይናገራል። ከበሩ ወዲያ የምትቀመጠው የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ነበረች።

ሥርዓቱን ያወጣችው ራሷ ናት። ገና ለሥራው አዲስ ሳለች፣ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ በየዋህነት የጫራት ሁለት መስመር ማስታወሻ በባላጋራ ጠበቃ እጅ ገብታ ድርጅቱን በችሎት ፊት እርቃኑን ስታስቀረው አይታለች። ከዚያ ወዲህ ለሠራተኛው ሁሉ የምትሰጠው ምክር አንድ ሆነ፤ «መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ። መጻፍ ካለበት እኔው ራሴ አጽፋችኋለሁ።» መጻፍ ያለበት ነገር ግን ተገኝቶ አያውቅም። ጫኝና አውራጆቹ በዚህ የተነሣ «እሜቴ አይጻፍ» የሚል ስም አወጡላት፤ እርሷም ስሙ ጆሮዋ ሲደርስ እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች።

ሐቁ መነገር አለበትና፣ ጆሮዋን ብቻ ሰጥታ የምትሸኝ ሴት አልነበረችም። የደረጃው መደገፊያ ላልቷል ሲሏት በማግስቱ በያጅ ይላካል፤ አንዱ አለቃ ሴቶቹን ይተናኮላል ሲሏት ሰውየው በሳምንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ዐሥር ቢነገራት ዘጠኙን ታቃናለች። እንዲያው ስለዚህ ነበር ሰው የሚያምናት። መከራው ያለው ዐሥረኛው ላይ ነው።

ዐሥረኛውን ይዞ የመጣው የታናሽ እህቷ ባል ሆነ። የቀዝቃዛው መጋዘን ዋና መካኒክ ነው፤ ሥራውን ያገኘው እርሷ ዋስ ሆናው ሲሆን፣ ያን ውለታ ቆጥሮ ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት «እትዬ» እያለ በአንቱታ ነበር የሚያነጋግራት።

«እትዬ፣ የሦስተኛው ክፍል የአሞኒያ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ማልቀስ ጀምሯል» አላት፤ ቱታው ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ቆሞ።

«ማልቀስ ስትል?»

«ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልቋል። ለጊዜው ጠበቅ አድርጌዋለሁ። የጠበቀ ሁሉ ግን አይዘልቅም። ክፍሉ ተዘግቶ፣ ጋዙ ተመጥጦ ወጥቶ መቀየር አለበት።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

«ሳምንት! መጋዘኑ እስከ አፉ በዓሣ ተሞልቶ?»

«ዓሣውማ አንዴ ሞቷል፣ እትዬ። እኔ የምፈራው ላልሞቱት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ መካኒኩ «ጽፌ ላምጣልዎት?» ሲል እጇን አወዛወዘች። «ተወው፣ ወንድሜ። እኔ ይዤዋለሁ።»

እውነትም ይዛው ሄደች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው በጥድፊያው «አባ ቶሎ» የሚለው፣ ሲያወራም እየቆመ፣ ሲበላም እየቆመ የኖረ ሰው ነው። ለሦስተኛው ክፍል ግን ቶሎ አላለም። «ዓሣው ይውጣ፣ ወቅቱ ይለፍና እንዘጋዋለን» አላት፤ እርሷም «ቃል?» ብላ «ቃል!» የሚል መልስ ተቀብላ ወጣች። በማግስቱ ከባሕር ማዶ ከመጡ ገዢዎች ጋር ድርድር ተጀመረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንቀጽ ስትጎትትና ስታላላ ሰነበተች። ነገሩ ከልቧ አልወጣም፤ ከአፏ ግን ዳግመኛ አልወጣም። መካኒኩም በበኩሉ እትዬ ይዘውታል ብሎ ሸክሙን ካወረደ በኋላ ለፈረቃ አለቃም፣ ለጫኞቹም፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያ ድርጅት የተማረው ጨዋነት ይህ ነበርና።

መገጣጠሚያው አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ፈነዳ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጫኞች ናቸው፤ አንዱ ጡረታው የደረሰ፣ ፈረቃውን ሁሉ በጨዋታ የሚያውል ሽማግሌ፣ ሌላዋ ከመጣች ወር ያልሞላት ሴት። ሁለቱም በሩ ሥር ተገኙ። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ በሴትዮዋ አፍና አፍንጫ ላይ ጫን እንዳደረገ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገረ ፈጇ የሠራችው ሥራ በሙያ ዐይን ለታየ እንከን አይወጣለትም። የሟቾቹን ቤተሰቦች ከጠበቆች ቀድማ ደረሰች፤ አብራ አለቀሰች፤ ልቅሶዋም ከአንገት በላይ አልነበረም፤ ችሎት ሳይረግጡም አስማማች። መርማሪዎቹ ሲመጡ «ስለ ቧንቧው ለድርጅቱ ቀርቦ የተመዘገበ ማስጠንቀቂያ የለም» አለች። ከቃላቱ አንዱም ሐሰት አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ በድርጅቱ በኩል በሩን ዝግ ሲያገኘው ፊቱን ወደ መካኒኩ መለሰ፦ ቧንቧው በእጁ ያለ ሰው ብልሽቱን ካላየ ሰንፏል፤ አይቶ ዝም ካለ ደግሞ ገድሏል።

በዚሁ ሰሞን የሕግ ባለሙያዎችና የነጋዴዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚሰጠውን ሽልማት ይፋ አደረገ። «የዓመቱ ነገረ ፈጅ» ተብላ የተመረጠችው እርሷ ነበረች፤ «ብርቱ አደጋ የደረሰበትን ድርጅት ያለ አንዳች የፍርድ ቤት ሙግት ያሻገረች» ተብሎ።

ለሽልማቱ የምትለብሰውን ቀሚስ የሰፋችላት ታናሽ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሐዘን ቢገባትም እጇ ሥራ አይፈታም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በታላቋ መኝታ ቤት መስተዋት ፊት ተንበርክካ፣ የመርፌ ቁልፎች በከንፈሯ ነክሳ ዘርፉን ትለካ ነበር።

«እታለም፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። አታዘንብዪ» አለችና የነከሰቻቸውን አንድ በአንድ ወደ መዳፏ አወረደች። «ነግሬያታለሁ ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ይህችን ሁለት ቃል ዳኛው ፊት ማለት ምን ይከብዳል?»

«አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። የነገረኝ ለድርጅቱ ጠበቃ ነው። ምስጢሩ የድርጅቱ ነው፤ ሳይፈቅዱልኝ አፌን ብከፍት የጥብቅና ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«የነገረው ለሚስቱ እህት ነው።»

«ቢሮዬ ውስጥ ነው የነገረኝ።»

«ወይ ጉድ! ሳሎን ቁጭ ብሎ ቢነግርሽ ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለት ነው? ምነው ያን ዕለት በቱታው ጎትቼ እዚህ ድረስ ባመጣሁት!»

«አትቀልጂብኝ።»

«ማን ይቀልዳል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያሉ ያሳደጉን እኮ አንድ እናት ናቸው። አንቺ የተናገሩትን ማጥፋት ሙያ አደረግሽው፤ ይኸው ይሸልሙሽ ጀመር።»

ታላቂቱ በመስተዋቱ ውስጥ የእህቷን ጭንቅላት ቁልቁል አየች፤ ጠጉሯ መሐል ለመሐል መሸበት ጀምሯል። «አስፈቅዳለሁ» አለች። «ነገ ገብቼ አስፈቅዳለሁ።»

ገባችም። አባ ቶሎ እንደ ልማዱ ከጠረጴዛው ዙሪያ እየዞረ «እንኳን ደስ ያለሽ! አሁን እንግዲህ ከእኛ ጋር ለመታየት ቀጠሮ ልታስይዢን ነው» እያለ ተቀበላት። የመጣችበትን ስትነግረው ግን ሄዶ በሩን ዘጋና በእድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል፣ ተቀመጠ።

«መመስከር ከፈለግሽ ማን ይከለክልሻል፣ እህቴ? እንግዲህ መስክረሽ እንበል። ዳኛው ‘አንቺስ ለማን ነገርሽ’ ይልሻል።»

«ለእርስዎ።»

«እኔ ደግሞ አላስታውስም። የተጻፈ ነገር አለ?»

ጥያቄው የገዛ ራሷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌሎች ስታስተምረው ኖራ፣ ዛሬ ተመልሶ እርሷኑ ጠየቃት።

«ካልተጻፈ» አለ ሰውየው ድምፁን አለስልሶ፣ «ዐውቃ ዝም ያለችው አንቺ ነሽ። እርሱን ለማውጣት ስትገቢ አብራችሁ ትገባላችሁ። ለእህትሽ ሁለት ሰው ከምታሳጪያት፣ እርሱ ጥፋቱን ይመንና በገደብ ይለቀቅ። ደመወዙ አይቋረጥም። ይህን ማግባባት ደግሞ ካንቺ ሌላ የሚችልበት የለም።»

ከዚያ ክፍል ወጣች። ለእህቷ ያልነገረቻት ነገር ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባት፤ የምትፈራው ፈቃዷን መነጠቅ አልነበረም፤ ወህኒ ቤት ነበር። ፍርሃቷንም እንደ ማንኛውም የሙያ ሰው ወደ ምክር ለወጠችው።

መካኒኩ በዋስ ተለቆ ቤቱ ውሎ ነበር። ስትደርስ የጎረቤት ማራገቢያ ጠረጴዛው ላይ ፈታትቶ ብሎኖቹን በመጠናቸው ይደረድራል። አስረዳችው። ሕጉን፣ ልማዱን፣ የዳኞቹን ጠባይ፣ ጥፋቱን ያመነና ቀድሞ ያልተቀጣ ሰው እንዴት በገደብ እንደሚለቀቅ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ግን እኮ አላጠፋሁም» አለ መካኒኩ።

«ዐውቃለሁ።»

«እርስዎ ካወቁ ሌላው ግድ የለም።» አንዷን ብሎን አንሥቶ በጨርቅ ጠረጋት። «እኔ ይህ ነገር አይገባኝም፣ ቧንቧ ለእርስዎ እንደማይገባዎት። እርስዎ ይሻላል ካሉ ይሻላል። ልጆቹ ግን አባታችን ሰው ገደለ እንዳይሉኝ እርስዎ ያስረዱልኝ።»

ስንት ደረቅ ነጋዴ፣ ስንት ግትር ባለሥልጣን ያግባባች ሴት ናት፤ እንደዚህ በቀላሉ የተረታላት ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ቢከራከራት፣ ቢሰድባት፣ ብሎኑን ቢወረውርባት በወደደች። እርሱ ግን እስከ መንገድ ሸኛት።

ቀሚሱ በሽልማቱ ዋዜማ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተላከላት፤ እህቷ አልመጣችም። ሲለብሱት ልክ ነበር፤ አንዲት ክር አልተረፈችውም። በእኩለ ቀን፣ አበባ በተደረደረበት አዳራሽ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ «ድሮ ነገረ ፈጅ ማለት በር ላይ ቆሞ ‘አይቻልም’ የሚል ዘበኛ ነበር፤ እኒህ እመቤት ግን ከሥራ መሪው ጎን ተቀምጠው ንግዱን መንገድ ያሳዩ ናቸው» ብሎ አወደሳት። የስኬቷን ምስጢር ቢጠይቋት «ማዳመጥ ነው» አለች። ጭብጨባው ቆይቶ ቆይቶ አልበረደም። አባ ቶሎ ቆሞ ነበር የሚያጨበጭበው።

ፍርዱ የተሰጠው በዚያው ሳምንት ነው። ዳኛው፣ ብልሽቱን አይቶ ለማንም አለመናገሩን ማመኑን በበጎ እንደያዙለት ተናገሩ። ቀጥለውም፣ አደጋውን በሥራው ያወቀ ሰው ለአንድ ነፍስ እንኳ ሳይናገር መዋሉን ፍርድ ቤቱ በገደብ ሊያልፈው እንደማይችል አስረዱና ሦስት ዓመት ፈረዱበት። ከኋላ የተቀመጠችው የሽማግሌው ባለቤት ብድግ አለች። «ብትናገር ምን ነበረበት?» አለችው። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

መካኒኩ ዞሮ ያየው ሴትዮዋን አልነበረም፤ ነገረ ፈጇን ነው። የወቀሳ አስተያየት አልነበረም። ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ መስሎት መልስ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እርሷ ጫማዋን አየች።

እህቷ ከዚያ ወዲያ በሩን ስለዘጋችባት፣ ወህኒ ቤት የሄደችው ብቻዋን ነው። የመጠየቂያው ክፍል በሽቦ ለሁለት የተከፈለ፣ ወዲህና ወዲያ ረጅም አግዳሚ የተዘረጋበት ነበር፤ አንድ ጠባቂ እጁን ከኋላው አጣምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። መካኒኩ ራሱን ተላጭቶ፣ አንገቱ ሰልሎ ወጣ። ሲያያት ግን ፈገግ አለ።

«እዚህ ስምዎ ገናና ነው፣ እትዬ። ፎቶዎ በጋዜጣ ገብቶ ሁሉም አየው። የሚስቴ እህት ናቸው ብላቸው ማን ይመነኝ! አንዱማ ‘እሳቸው እያሉህ እዚህ ምን ትሠራለህ?’ ብሎ አሳቀብኝ።»

«ጤናህን እንዴት ነህ?»

«ደኅና ነኝ።» ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳኛው ያሉትን ሳወጣ ሳወርድ፣ ልቤ ይከዳኝ ጀምሯል። ለማንም አልተናገርኩም ብዬ በገዛ አፌ አመንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቢሮዎ የገባሁባት ቀን ትጠፋብኛለች። የትኛውን ቱታ እንደለበስኩ እንኳ እንጃ። ከጭንቅ የተነሣ በኋላ የፈጠርኳት ትሆን እላለሁ። ነግሬዎት ነበር፣ አይደል?»

ነገረ ፈጇ አፏን ከፈተች። የጠባቂው እርምጃ ከጀርባዋ ሲቆም ሰማች።

«ስለዚህ ጉዳይ እዚህ ባናወራ ይሻላል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

መካኒኩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከብዙ ጥርጣሬ በኋላ ቁርጡን እንዳወቀ ሰው።

«እንግዲያውስ» አለ፣ «የሁለቱን ሟቾች ቤተሰቦች ይቅርታ ይጠይቁልኝ።»