አሥረኛው መደብ

ከታች የጋራዡ በር ሲንጓጓ ተሰማ።

ሳሎን ውስጥ አፍ ድረስ የደረሰ ጉርሻ ሁሉ አየር ላይ ቆመ። በዚያ በር የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ቅዳሜ ቀብረውታል።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ጌጤነሽ። የሟቹ አክስት ናቸው፤ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ ከመጡ ጀምሮ ከሶፋው አልተነሱም።

የሟቹ ሚስት ስሂን ግን አልደነገጠችም። ተናደደች።

«ፀሐዩ ነው» አለች። «በሬውን ይዞ መጣ።»

«የምን በሬ?»

«የገናው ነዋ! የቅርጫው!»

መንሾካሾኩ ወዲያው ተጀመረ። «በሳልስቱ?» «ጾሙ ሳይፈታ?» «ነገ አይደል እንዴ የሚፈታው?» «የቨርጂኒያ በሬ ግን ሥጋው ጥሩ ነው ይባላል።» ስሂን የምስር ሳህኗን አስቀምጣ ጥቁር ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ታች ወረደች።

ፀሐዩ ከሦስት ሰዎች ጋር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ላስቲክ እያነጠፈ ነበር። የባሏ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ደለስ ኤርፖርት አብረው የመንገደኛ ሻትል ይነዱ ነበር። ድምፅ ላለማሰማት ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆሟል።

«ስሂንዬ፣ ሳትሰሙ ልንጨርስ ነበር እኮ።»

«ያንን በር ከፍታችሁ?»

«ገበሬው ቀን አልለውጥም አለኝ። ኮል አደረግኩት፣ ለመንኩት። የናንተ የእርድ ተራ ዛሬ ነው አለኝ። ሁላችንም ያለነው አፓርትመንት ነው፤ የት ወስደን እንበልተው? ዊተን ያለው የኔ ቤት በረንዳ እንኳ የለውም።»

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው፣ ፀሐዩ! ላይ ሰው ሽሮ ይበላል፣ ታች በሬ ይበለታል!»

«አንድ ሰዓት ብቻ። ሽታውም አይደርሳችሁ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መከራከሪያ ጉልበት አልነበራትም።

ባሏ ኃይለልዑል ገናን የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነበር። ፍሪጁ በወረቀት ይሸፈናል፤ የሚጠራው ሰው፣ የሚገዛው ቅመም፣ ወንበር የሚያመጣው ማን እንደሆነ። ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ይጮሃል። «ስምንት ዶሮ ነው ዘጠኝ?» «በሽተኛ እያነሳሁ ነው ኃይሌ!» «በቃ ዘጠኝ ይሁን።» በሬውን ራሱ ሄዶ ይመርጣል፤ ከዚያ ሰው ባገኘ ቁጥር የልጅ ልጁን የሚያሳይ ይመስል ፎቶውን ያወጣል።

እሱስ ይሁን። ከሁሉ የሚያቃጥላት ሌላ ነበር። ዶሮው ወጥቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ኃይለልዑል የመኪናውን ቁልፍ ያነሳና ይወጣል። የት እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ልጆች ይነጫነጫሉ፤ ያለ እሱ ግን የሚጀምር የለም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ከረጢት በረዶ ወይም አንድ ፓኮ ስቴኪኒ ይዞ ይገባል። «ይቺ ቀርታ ነበር» ይላል፣ ትልቅ ጉድለት እንደሞላ ሰው ፊቱ በርቶ።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብል ሺፍት ሠርታ ገባች። ጫማዋን እያወለቀች ሳለ እስክሪብቶ ይዞ ፊቷ ቆመ።

«ድፎውን ማን ይድፋው?»

«አንተው ድፋው! ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ገና የሚባል ነገር እንዳላይ!»

እስክሪብቶውን ከደነ። ቁልፉን አነሳና ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ቦታው ደወሉላት፤ ሆስፒታል ስትደርስ አልጠበቃትም።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አጠገቧ እየተቀመጠ «መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?» ይላታል። «ምንም» ትላለች። እውነቷን ነው። አንቺስ ምን አልሽው ያላት ግን የለም።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ልጇ ሳምሪ ከኋላዋ ወርዳለች። «ፕሊስ አትቆጪያቸው። ዳድ እኮ ነው ፕላን ያደረገው።»

«ማን እንዳቀደው ጠፍቶኝ ነው? በይ ላይ ሂጂ፣ ሰው ውሃ ስጪ።»

ሳምሪ አልሄደችም። ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

ሰዎቹ ይመድባሉ፤ ከጉበቱ፣ ከጎድኑ፣ ከሻኛው፣ ለእያንዳንዱ መደብ እኩል። ስሂን ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። ጨረሰችና እንደገና ቆጠረች።

«ዘጠኝ ነው» አለች።

ፀሐዩ ቢላዋውን አየ። «አዎ።»

«አሥር ነበራችሁ።»

«ስሂንዬ፣ ቅር እንዳይልሽ ብለን ነው። በሐዘኔ ላይ ሥጋ አመጡብኝ እንዳትዪ…»

«በሬውን ማን መረጠው?»

«እሱ።»

«የማን ጋራዥ ነው?»

«የሱ።»

«ታዲያ የሱን መደብ ማን ወሰደው?» ድምፅዋ ላይ ቤት ድረስ ተሰማ። «አሥር ካልሆነ ከዚህ ቤት አንዲት ቁራጭ አትወጣም!»

ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተደረደሩ። «ቅድም በለቅሶ ቤት ብላ ስትቆጣ አልነበር?» አለች አንዷ። «ዝም በይ» አሏት እትዬ ጌጤነሽ።

ፀሐዩና ጓደኞቹ ከእያንዳንዱ መደብ እየቀነሱ አሥረኛውን ሠሩ። ቀጥሎ ዕጣው ነው። እነሱ ዘንድ ዕጣው የመኪና ቁልፍ ነው፤ ሁሉም ቁልፉን ሳህን ውስጥ ይጥላል፣ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው እያወጣ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ላይ ቤት የነበሩት ባለመደቦችም ወርደው ዘጠኝ ቁልፍ ተጣለ።

ስሂን ወደ ላይ ወጣች። ከሆስፒታል የሰጧትን፣ እስከዛሬ ያልከፈተችውን ከረጢት ይዛ ተመለሰችና በጥርሷ ቀደደችው። ሰዓቱ። ክዳኑ የተገጠመ እስክሪብቶ። ቁልፉ። ፀሐዩ ከኤርፖርት መኪናውን ያመጣው በትርፉ ቁልፍ ነበር። ይሄኛው የሱ የራሱ ነው። ሳህኑ ውስጥ ጣለችው።

እትዬ ጌጤነሽ እስኪጠሯቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ዞረው፣ አማትበው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አኖሩ። የኃይለልዑል ቁልፍ አጥንት የበዛበት መደብ ላይ አረፈ። በየዓመቱ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ በየዓመቱም ያጉረመርም ነበር።

«ዘንድሮም?» አለ ፀሐዩ ሳያስበው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤቱ በሳምንቱ የሰማው የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ፀሐዩ ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

ስሂን አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ ቁልፉን ከአጥንቱ ላይ አነሳች። ሞራ ነክቶት ነበር፤ አልጠረገችውም። በቤት ጫማዋ፣ በጥቁር ነጠላዋ፣ በመደቦቹ መሀል አልፋ ወደ ብርዱ ወጣች።

«ስሂን! ወዴት ነው?»

የመኪናው ሞተር ተነሳ።

«ማሚ?» አለች ሳምሪ ብድግ ብላ። «ዌር ኢዝ ሺ ጎይንግ?»

«ተዪያት» አሉ እትዬ ጌጤነሽ። «እስክትመለስ ማንም መደቡን እንዳያነሳ።»

ቀዩ የኋላ መብራት መታጠፊያው ላይ ጠፋ። አሥር መደብ፣ ዘጠኝ ቁልፍ፣ ጋራዡ ውስጥ ይጠብቅ ጀመር።