የኔሶ ቁልቁለት

ዲዮኒጂ ዓይኑን ያጣው ቀስ በቀስ ነበር። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመ፤ ከዚያ መሐሉ እየጠበበ ሄደ፤ በመጨረሻ አሶ መንደር ከሚገኘው ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ተራራው በየት በኩል እንዳለ በሚነፍሰው ነፋስ ብቻ የሚለይ ሰው ሆነ። ከልጅነቱ ጀምሮ በኮሞ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ዳገቶች ሁሉ ብስክሌቱን እያከነፈ ያደገ ሰው፣ ሚስቱ ኖርማ ክንዱን ካልያዘችው ዳቦ ቤት እንኳ መድረስ አቃተው። ክረምቱን ሙሉ ከወጥ ቤቱ ወንበር ሳይነሳ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ ሬዲዮ እያዳመጠ ከረመ።

አንድ ቀን በሩ ላይ ኤርማኖ መጣ። ኤርማኖ የጎረቤቷ መንደር የካንዞ ሰው ነው። ሁለቱ የልጅነት ባላንጣዎች ነበሩ፤ ጊዛሎ ዳገት አናት ላይ ካለችው ጸሎት ቤት ማን ቀድሞ ይደርሳል በሚል ስንት ዘመን ሲፎካከሩ ኖረዋል፤ ከፉክክሩ ውጭ ግን ሰላምታቸው እንኳ የይስሙላ ነበር። ያን ቀን ኤርማኖ የመጣው ባለሁለት መቀመጫ ብስክሌት እየገፋ ነው።

«ኖርማ፣ ይሄን ሰውዬ ልብስ አልብሺልኝ» አለ ገና ከደጅ።

«ምን ልታደርገው?»

«ዕድሜ ልኬን ስቀድመው፣ ሲቀድመኝ ኖረን፣ አሁን ዓይኔ ጠፋ ብሎ ሊያመልጠኝ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው!»

ዲዮኒጂ ከወጥ ቤት ጮኸ። «አንተ ልትመራኝ? ዓይንህ እያየ እንኳ መታጠፊያ የማታውቅ ሰው!»

«እኔ ዓይን አለኝ፣ አንተ እግር አለህ። ሁለታችን ብንደመር አንድ ደህና ሰው ሳይወጣን አይቀርም።»

ኖርማ ሳቀች። እንደዚያ የሳቀችበትን ቀን ዲዮኒጂ አያስታውስም ነበር። ሄዶ ጢሙን ተላጨ።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ሲፈቅድ ሁሉ ይወጣሉ። የሚወዱት መንገድ አንድ ነው፤ ከአሶ ተነስተው የሶርማኖን ዳገት ይወጣሉ፣ የቲቫኖን ሜዳ ያቋርጣሉ፣ በዜልቢዮ መንደር በኩል በጠመዝማዛው ቁልቁለት ኔሶ ድረስ ይወርዳሉ፣ ከዚያ የሐይቁን ዳር ዳር ይዘው ቤላጆ፤ ከቤላጆ በጊዛሎ አድርገው ወደ ቤት። ፊት ያለው ኤርማኖ መሪውንም ፍሬኑንም ይይዛል። ኋላ ያለው ዲዮኒጂ ከመርገጥ በቀር ሥራ የለውም። ኤርማኖ ግን አፉ አያርፍም። «ጉድጓድ! ወደ ግራ ልንዞር ነው፣ ዘንበል በል! አንዲት ሴትዮ ልብስ እያሰጣች ነው፤ የባልየው ሱሪ ለድንኳን ይበቃል።» ዲዮኒጂ መንገዱን የሚያየው በዚህ ወሬ ነበር። የሁለቱ ፔዳል በአንድ ሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ ደግሞ የሰውየውን ድካም በራሱ እግር ይሰማዋል፤ ሲሰንፍ ያውቅበታል፣ ይሰድበዋል።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ዝናብ ባባራ ማግስት ወጡ። የዲዮኒጂ ስልክ ቤት ቀረ። «በአንድ ብስክሌት ለምንሄድ ሰዎች ሁለት ስልክ ለምን?» አለ ኤርማኖ። ዳገቱን እንደ ወትሮው እየተሳደቡ ወጡት። ቲቫኖ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን ኤርማኖ ወሬውን ቀነሰ።

«ምን ይታያል?» አለ ዲዮኒጂ።

«ጉም።»

«ከጉሙ ሥር?»

ትንሽ እንደሄዱ ዲዮኒጂ በቀኝ ፔዳሉ እንግዳ ነገር ተሰማው። የኤርማኖ ቀኝ እግር መርገጡን ትቶ ዝም ብሎ የሚዞር ሸክም ሆኗል።

«አይ ሽማግሌው! ቀኙን ጡረታ አወጣኸው እንዴ?»

ኤርማኖ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ዲዮኒጂ በነፋሱ ምክንያት አልሰማሁትም ብሎ አለፈው፤ ሳቀም። ዜልቢዮን አልፈው ቁልቁለቱ ጀመረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ኤርማኖ ሳይናገር ታጠፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ዲዮኒጂ ሰውነቱ ባዶ ውስጥ የተወረወረ መሰለው። ጎማው እርጥብ ቅጠል ላይ ሸርተት አለ።

«ኤርማኖ! ተናገር እንጂ! በየት በኩል ነው?»

«ግ... ግ...» አለ ከፊት ያለው ድምፅ። እንደ ሰካራም ድምፅ ነበር።

ዲዮኒጂ እጁን ዘረጋ፤ የያዘው ግን የራሱን የማይዞር እጀታ ነው። ፍሬን የለው፣ መሪ የለው። «ቁም! በእናትህ ቁም!» እያለ የጓደኛውን ወገብ ጨመደደ። ኤርማኖ በቀረችው አንድ እጁ ይሁን በምን ፍሬኑን ያዘ። ብስክሌቱ ተንገዳግዶ ዘገመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለቱንም ይዞ ወደቀ።

ዲዮኒጂ ክርኑ ተላጠ እንጂ ደህና ነበር። እየዳኸ ፈለገው። መዳፉን ከዛፍ የወደቀ ፍሬ እሾሃም ቅርፊት ወጋው፤ ቀጥሎ ጫማ ነካ፣ ጉልበት፣ ደረት፣ ፊት። የአፉ አንድ ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ምራቅ በጣቱ ላይ ፈሰሰ። ይተነፍሳል።

«እኔ ነኝ። አለሁ። ስልኩ የታለ?»

ከኤርማኖ የኋላ ኪስ አወጣው። ስልኩ ለስላሳ መስታወት ብቻ ነው፣ የሚዳሰስ ቁልፍ የለውም፤ ከላዩም ተሰንጥቋል። ነካካው፣ ጎን ጎኑን ተጫነው፣ የኤርማኖን አውራ ጣት አንስቶ ለጠፈበት። ድምፅ የለም። ስልኩ ሞቷል ወይስ በርቶ እሱ ሳያውቅበት ቀርቶ ነው? ይህን የሚነግረው ሰው የለም።

ተነስቶ ጮኸ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ይህን መንገድ በጭንቅላቱ የሚያውቀው ይመስለው ነበር፤ አሁን ግን ስንተኛው መታጠፊያ ላይ እንዳሉ እንኳ አያውቅም። ገደሉ በየትኛው በኩል ነው? ቤት ፍለጋ ቢሄድ ተመልሶ ኤርማኖን ያገኘዋል? ሦስት ርምጃ ሄደ። ከኋላው የሚያቃስተው ድምፅ ሲደክምበት ደንግጦ ተመለሰ፣ ሹራቡን አውልቆ አለበሰው።

መኪና ከታች መጣ። ዲዮኒጂ ሁለት እጁን እያውለበለበ «እርዱን!» አለ። መኪናው ጡሩምባውን አምባርቆ በአጠገቡ አለፈ። ወደየት ዞሮ ሲያውለበልብ እንደነበር ማን ያውቃል። አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ የኤርማኖን ራስ ጭኑ ላይ አደረገና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በመጨረሻ የቆመችው በመኪናዋ ማገዶ የጫነች አንዲት ሴት ናት። ወርዳ ወዲያው ደወለች።

«እመቤት፣ ፊቱ ምን ይመስላል? እባክሽ ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ኤርማኖ አጎነበሰች። «እያየኝ ነው» አለች በቀስታ። «ዓይኑ ክፍት ነው።»

አምቡላንሱ ከኔሶ ወጥቶ ኤርማኖን ወሰደ። ዲዮኒጂን ቦታ የለም አሉት። መታጠፊያው ላይ ቆሞ የሳይረኑ ድምፅ ከእግሩ ሥር አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ሲወርድ ሰማ።

ኤርማኖን የመታው የአንጎል ስትሮክ ነበር፤ ከሞት ተረፈ። ቀኝ ጎኑ ግን ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ለሁሉም ነገር የቀረችው አንዲት ድምፅ «ታ» ናት። ካንዞ ቤቱ ውስጥ እህቱ ታስታምመዋለች። ኖርማ በየሳምንቱ ዲዮኒጂን ይዛው ትሄዳለች።

«ሲያይህ ፈገግ አለ» አለችው የኤርማኖ እህት አንድ ቀን።

«እውነትሽን ነው፣ ወይስ ልታጽናኚኝ?»

እህቱ ኮቷን አነሳች። ከኖርማ ጋር ለመድኃኒት ወጣ አሉ፤ ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ቀሩ።

«ታ» አለ ኤርማኖ። ቆይቶ ደግሞ፣ በጭንቀት፣ «ታ! ታ ታ!»

«ውሃ ነው? መስኮቱ ነው? በረደህ?»

«ታ!»

ዲዮኒጂ ተነሳ። ውሃ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሰ፣ ብርጭቆ ጣለ። መስኮቱን ዘጋው፤ መልሶ ከፈተው። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበለት። ኤርማኖ የተሽከርካሪ ወንበሩን መደገፊያ በግራ እጁ ይደበድባል፤ ቀጥሎ ድብደባው ቆመና ለቅሶ ተሰማ። ዲዮኒጂ ወደ ደጁ ዞሮ የሁለቱን ሴቶች ስም ጠራ። ገና አልተመለሱም።

የኤርማኖን እጅ ፈልጎ አገኘ። ኤርማኖ አጥብቆ ጨበጠው፤ አሁንም አሁንም ይጨብጣል። ምን ማለቱ እንደሆነ ዲዮኒጂ አላወቀም። «አለሁ፣ አለሁ» ከማለት በቀር የሚለው አጣ።

ሴቶቹ ሲመለሱ እህቱ ከበሩ ላይ ጮኸች። የኤርማኖ ሽባ እግር ከወንበሩ መርገጫ ወድቆ ከሥሩ ተጣሞ ኖሯል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። አጎንብሳ አስተካከለችለት።

«አጠገቡ ነበርክኮ» አለች፤ ከዚያ ለማን እንደተናገረች ትዝ ሲላት ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዘች።

ዲዮኒጂ ኮቱን እንድታቀብለው ኖርማን ለመነ። ደረጃውን ሲወርዱ ከላይ «ታ» የሚል ድምፅ ተከተላቸው። ቆሞ አዳመጠ።

«እየጠራኝ ነው ወይስ እየተሰናበተኝ?»

ኖርማ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዲዮኒጂ» አለችው።